ሽቦውን ከማልበስ በፊት ጠርዙን ማራቅ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ አውሮፕላን ጥገና እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ ሞተር ወይም ስለ አዳዲሶቹ የበረራ ኮምፒውተሮች እንደምናገር ሳይገምቱ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ እጅግ ትንሽ የሚመስል ነው። ስለ አንድ ሽቦና ስለ አንድ የላሜራ ጠርዝ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ክፍተት ላይ የተሳፋሪዎች ሕይወትና የሙያችን ክብር አብረው እንደተንጠለጠሉ ከረጅም ዘመን ሥራ ተምሬአለሁ።

የጉድጓድ ውኃ እየቀዳ ያደገ ሰው ነገሩን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ገመዱን የሚጨርሰው የባልዲው ክብደት ብቻ አይደለም፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ ከድንጋዩ ጋር መተሻሸቱ ነው። ገመዱ አንድ ቀን ድንገት የተበጠሰ ይመስላል፤ እውነቱ ግን በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት ሲበጠስ መክረሙ ነው። የአውሮፕላን ሽቦም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የጉድጓዱን ገመድ በየቀኑ እያየነው መሳባችን፣ የአውሮፕላኑን ሽቦ ግን ክዳን ዘግተንበት ለዓመታት መርሳታችን ነው።

አንድ የወጣትነት ስሕተት

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት አንድ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ የጥገና ሥራ ቤት፣ የማረፊያ መብራቱ አልፎ አልፎ የሚጠፋ አውሮፕላን ነበር። አብራሪዎቹ ብልሽቱን በመዝገብ ጽፈው ያስረክቡናል፤ እኛ መሬት ላይ ስንሞክረው ግን መብራቱ ይበራል። «ተፈትሾ ደኅና ሆኖ ተገኝቷል» ብለን እንፈርማለን። ይህ ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ በሦስተኛው እኔ ተረኛ ሆንሁ። በክንፉ ውስጥ ሽቦው በቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ልባሱ ተፍቆ፣ የውስጡ ብረት ራቁቱን ሲታይ አገኘሁት። ሌሎች ያጡትን እኔ በማግኘቴ ኩራት ተሰማኝ። የተጎዳውን ቦታ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ በላዩ ስሊቭ ጨምሬ፣ ክዳኑን ዘግቼ ፈረምሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አውሮፕላኑ ለትልቅ ፍተሻ ገባ። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ አለቃችን ያንኑ ክዳን ከፍተው አስጠሩኝ። ሄጄ ባየሁ ጊዜ ስሊቩ ተበልቷል፤ ናስትሮውም ተበልቷል፤ የላሜራው ጠርዝ ግን እንደ ተሳለ ቢላዋ ያብረቀርቃል። ከጠርዙ ጎን አንዲት የጠቆረች ነጥብ ነበረች። ብልጭታ የተወው ምልክት ነው። ጋሼ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። የእጅ ባትሪያቸውን በጠርዙ ላይ እንዳበሩ፣ «ልጄ፣ ሽቦውን አለበስኸው እንጂ ጠርዙን መቼ አራቅኸው?» አሉኝ። ከዚያም መብራቱን ወደ ጎን መልሰው ክላምፑን አሳዩኝ። የክላምፑ ጎማ ደርቆ ረግፏል፤ የሽቦው እስርም በውስጡ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። እኔ ያከምሁት ቁስሉን ነበር እንጂ የሚያቆስለውን ነገር አልነበረም። ያ ክንፍ ነዳጅ ተሸካሚ እንደነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ዛሬ የምናገረው ሁሉ የዚያች የጋሼ ጥያቄ ማብራሪያ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ጉዳቱ የሚመጣበት መንገድ

የብረት አካል ያለው አውሮፕላን በአብዛኛው ከቀጭን የአልሙኒየም ላሜራ የተሠራ ነው። ክብደት ለመቀነስና ለቱቦና ለሽቦ መተላለፊያ እንዲሆኑ በየባልክሄዱና በየክንፉ ጎድን ላይ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በሥራ ቋንቋችን ባንድል የምንለው የሽቦ እስርም ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እያለፈ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ይዘረጋል። በአንድ ቦይንግ 747-400 ውስጥ 274 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ አለ፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ የሚያደርስ ርዝመት መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ስንት ጠርዝ እንዳለ መገመት ለማንም አይከብድም።

ሽቦው ደግሞ ተኝቶ አያድርም። የሞተሩ ንዝረት ያንቀጠቅጠዋል። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል የአካሉ ውስጥ ግፊት ላሜራውን በጥቂቱ ይነፋዋል፤ ሲወርድ መልሶ ይሰበስበዋል። ክንፉ በአየር ላይ ይታጠፋል፤ ሙቀትና ብርድ ሁሉንም ያሳጥራሉ፣ ያስረዝማሉ። የሽቦው እስር በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይረግባል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ብቻውን ከቁጥር የማይገባ ነው። ነገር ግን የሽቦው ልባስ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ እንቅስቃሴው ደግሞ በእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት አያሌ ሺሕ ጊዜ ይደጋገማል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ፣ ጉዳቱ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ይደርሳል።

በብረት አውሮፕላን ላይ ነገሩን የሚያባብስ አንድ ሌላ ምክንያት አለ። የአውሮፕላኑ አካል ራሱ የኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የመመለሻ ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ አካሉን በመመለሻነት ስለምንጠቀም፣ ላሜራው የወረዳው ሌላኛው ጫፍ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ራቁቱን የቀረ ሽቦ ሌላ ራቁት ሽቦ መፈለግ አያሻውም፤ የፋቀው ጠርዝ ራሱ ወረዳውን ይዘጋለታል። የቈረጠውና የሚያቃጥለው አንድ ሆነ ማለት ነው።

ልባሱ የተሠራበት ነገርም ሊረሳ አይገባውም። ከ1960ዎቹ ወዲህ ለብዙ አውሮፕላኖች የተመረጠው ካፕተን የተባለው ፖሊኢማይድ ቀላል፣ ስስና ሙቀት የሚችል በመሆኑ ተወዳጅ ነበር። ነገር ግን ሲሰነጠቅና ብልጭታ ሲያገኘው ራሱ ወደ ከሰልነት ተለውጦ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ጠባይ አለው። እንዲህ ሲሆን ብልጭታው ከአንድ ሽቦ ተነሥቶ በልባሱ ላይ እየተጓዘ ጎረቤቶቹን ያዳርሳል። ይህን ድክመት ለመቀነስ ከቴፍሎን ጋር የተደራረበ ልባስ በኋላ ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ስል ጠርዝ ላይ ተደግፎ በሰላም የሚኖር ልባስ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከካርቦን ክር በተሠሩት አዳዲስ አውሮፕላኖች ላይ ችግሩ የለም የሚል ካለ ይሳሳታል። የተቈረጠ የካርቦን ጠርዝ ሽቦ በመፋቅ ረገድ ከአልሙኒየም አይተናነስም። ጠርዙ ቁሱን ለወጠ እንጂ ጠባዩን አልለወጠም።

ሰርኪዩት ብሬከር ለምን አያድነንም

ብዙዎቻችን «ችግር ቢኖር ብሬከሩ ይወጣል» ብለን ራሳችንን እናጽናናለን። ይህ ማጽናኛ በግማሽ ብቻ እውነት ነው። የተለመደው ሰርኪዩት ብሬከር በሙቀት የሚሠራ መሣሪያ ነው። ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ለተወሰነ ጊዜ ሳያቋርጥ ሲያልፍ ይሞቅና ይወጣል። የተፋቀ ሽቦ ግን እንዲህ አይሠራም። በንዝረቱ መጠን ጠርዙን ይነካል፣ ይለቃል፤ ደግሞ ይነካል፣ ይለቃል። እያንዳንዱ ንክኪ እጅግ አጭር ስለሆነ ብሬከሩ ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም። ብልጭታው ግን ብረት ለማቅለጥና በአጠገቡ ያለውን አቧራ ወይም የመከላከያ ብርድ ልብስ ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አለው። እንዲህ ያለውን ብልጭታ ለይተው የሚያውቁ ብሬከሮች ተፈልስፈዋል፤ ሆኖም በየአውሮፕላኑ ላይ አሉ ማለት አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ብሬከር የወጣ እንደሆነ መልእክት ልኮልናል ማለት ነው። መልእክቱን ሳናነብ ብሬከሩን መልሶ መጫን፣ የሚያለቅስ ሕፃን ለምን እንደሚያለቅስ ሳይጠይቁ አፉን እንደ መያዝ ይቆጠራል።

ያለፈው ያስተማረን

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1962 አንድ ቦይንግ 707 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ወዲያው ጃማይካ ቤይ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ወደቀ። የሞቱት 95 ናቸው። የአሜሪካ ሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ እንደደመደመው፣ የኋላው የአቅጣጫ መሪ ያለ ትእዛዝ ዞሯል፤ ለዚህም ይበልጥ የሚገመተው መነሻ በአውቶፓይለቱ መሣሪያ ውስጥ በፋብሪካ ሳሉ የተጎዱ ሽቦዎች መገናኘት ነው። መርማሪዎቹ ወደ ፋብሪካው ሄደው ሲመለከቱ፣ ሠራተኞቹ የሽቦውን እስር ሲያስሩ በወረንጦ ይጠቀሙ ነበር። የወረንጦ ጫፍም የላሜራ ጠርዝ ዘመድ ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የማስታውሰው፣ ጉዳቱን ያደረሰው እጅ ክፋት ያላሰበ፣ ሥራውን በጥድፊያና በልማድ የሚሠራ እጅ መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1996 አንድ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ እንደተነሣ በአየር ላይ ፈንድቶ 230 ሰዎች አለቁ። የፈነዳው የመሐከለኛው የነዳጅ ጋን ሲሆን፣ የምርመራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ፣ ነዳጁን የለኰሰው ነገር በእርግጠኝነት ባይታወቅም ከጋኑ ውጭ ያለ የሽቦ መገናኘት ከሁሉ ይበልጥ እንደሚገመት ተገለጸ። ምርመራው በመካሄድ ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1998 የሌሎች አውሮፕላኖች የነዳጅ ፓምፕ ሽቦዎች ሲታዩ፣ ብዙ ሰዓት በበረሩ ቦይንግ 737ቶች ላይ በጋኑ ውስጥ ባለው የብረት ቱቦ የሚያልፉት ሽቦዎች ልባሳቸው ተፍቆ ተገኘ። ሽቦውን ከነዳጅ እንዲጠብቅ የተሠራው ቱቦ ራሱ ሽቦውን ሲበላው ኖሯል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ፍተሻ ያልተደረገላቸው አሮጌ 737ቶች እንዳይበሩ አዘዘ፤ ሽቦዎቹም በቴፍሎን ስሊቭ እንዲጠበቁ ተደረገ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከጠፈር ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1999 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ከመሬት በለቀቀች በ5 ሰከንድ ውስጥ የሽቦ መገናኘት ደርሶ፣ ከሦስቱ ዋና ሞተሮች የሁለቱ አንድ አንድ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሥራ አቆመ። ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው ተጠባባቂ ኮምፒውተር ስለነበራቸው አምስቱ ጠፈርተኞች በሰላም ተጓዙ። በኋላ ሲመረመር ምክንያቱ አንዲት ብሎን ሆና ተገኘች። አናቷ በካቻቢቴ ተላልጦ ስል ቀሪ ስላወጣ፣ በላይዋ የሚያልፈውን ሽቦ ልባስ ጎድቶታል። በዚህ የተነሣ የጠፈር መንኰራኵሮቹ ሁሉ ሽቦ ተፈተሸ፤ ሌላም ብዙ የተጎዳ ሽቦ ተገኘ፤ እስከዚያው ዓመት ዲሴምበር ድረስም አንዳቸውም አልተነሡም። ብዙ ገንዘብና ብዙ ሊቃውንት ባሉበት ቦታ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ «በእኛ ዘንድ አይደርስም» ለማለት ምን ድፍረት ይኖረናል?

ወደ ቤታችን የቀረበውም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ማንም ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ በኋለኛው አካሉ ጣራ ላይ እሳት ተነሣ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የመጨረሻ መግለጫ፣ እሳቱ የተነሣው ከአደጋ ጊዜ መጠቆሚያ ሬዲዮው የሊቲየም ባትሪ መሆኑን፣ ለዚህም የባትሪው ሽቦዎች ተጣምረው በክዳኑ ሥር መጨፍለቃቸው የመገናኘት መንገድ ሳይከፍት እንዳልቀረ ገለጹ። አውሮፕላኑ ተጠግኖ እሳቱ በተነሣበት በ2013 መጨረሻ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። እሳቱ የተነሣው በበረራ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ለማናችንም ከባድ ነው። የነገሩ መነሻ ግን አንድ ሰው አንዲት ትንሽ ክዳን ሲዘጋ ከሥሯ ያለውን ሽቦ አለማየቱ ነው።

እነዚህና ሌሎች አደጋዎች የሙያውን አስተሳሰብ ለውጠዋል። ቀድሞ ሽቦ ተገጥሞ የሚረሳ ነገር ነበር። ኮምፒውተር የራሱ መዝገብ፣ ፓምፕ የራሱ የፍተሻ ቀን ሲኖረው፣ ሽቦ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ክር ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሻሻል የሽቦው ትስስር ራሱን የቻለ የአውሮፕላን ሥርዓት ተብሎ ተደነገገ፤ የራሱ ንድፍ፣ የራሱ ፍተሻና የራሱ ሥልጠና እንዲኖረውም ተወሰነ። ሽቦ ዘግይቶም ቢሆን ስሙን አገኘ።

የመከላከያው ቅደም ተከተል

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የምናገረው ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ የአውሮፕላኑ ሠሪ መጽሐፍ የተለየ ነገር ካዘዘ የሚሠራው እርሱ ነው። ከሠሪው መመሪያ ባሻገር ብዙዎቻችን የምናውቀው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ ኤሲ 43.13-1ቢ የተባለው መጽሐፍ ነው፤ የምጠቅሳቸውም ልኮች ከዚያ ናቸው።

የመጀመሪያው መከላከያ መንገድ ነው። ሽቦው ሲዘረጋ ከጠርዝ፣ ከመሪ ገመድና ከነዳጅ ቱቦ የራቀ መንገድ ይመረጥለት። በወረቀት ላይ አጭሩ መንገድ በአውሮፕላን ውስጥ ሁልጊዜ ደኅናው መንገድ አይደለም።

ሁለተኛው ክላምፕ ነው። የሽቦው እስር በየ24 ኢንች ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ይደገፍ። በሁለት ድጋፎች መካከል በእጅ መጠነኛ ግፊት ሲጫኑት ከግማሽ ኢንች በላይ መርገብ የለበትም። ይህ ልክ በጣት ሊሞከር የሚችል፣ መሣሪያ የማይጠይቅ ልክ ነው። ክላምፑም ለእስሩ ልክ የሆነ ይሁን። የሰፋ እንደሆነ እስሩ ይንሸራተታል፤ የጠበበ እንደሆነ ሽቦውን ይጨፈልቃል። ጎማው የደረቀ ክላምፕ ከክላምፕ አይቆጠርም፤ እርሱም ራሱ ሌላ የላሜራ ጠርዝ ሆኗል።

ሦስተኛው የጠርዙ ጥበቃ ነው። አዲስ ቀዳዳ ስንከፍት ስል ቀሪውን በሞረድ አለስልሰን በጣታችን ሳይሆን በጨርቅ እንፈትሸው፤ ጨርቁን የያዘ ጠርዝ ሽቦውንም ይይዛል። ሽቦው ከቀዳዳው ጠርዝ በሩብ ኢንች፣ ማለት በ6 ሚሊሜትር ያህል ውስጥ የሚቀርብ ከሆነ ግሮሜት የግድ ያስፈልጋል። ግሮሜቱ የጎማ ቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንደ ቀዳዳው ቅርጽ እየታጠፈ የሚገባው፣ ጥርሱ የአባ ጨጓሬ እግር የሚመስለው የናይለን ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ማገናኛ ለማሳለፍ የጎማውን ቀለበት መቁረጥ ካስፈለገ በሰያፍ ይቈረጥ፤ የተቈረጠውም ቦታ ሽቦው በማይደገፍበት በላይኛው በኩል ይዋልና በማጣበቂያ ይያዝ። ጫፉ ሳይገጥም የቀረ ወይም አንድ ጥርሱ የጎደለ የናይለን ጠርዝ፣ ጠርዙን ሸፍኖ በአንዲት ነጥብ ብቻ ክፍት ትቶታል ማለት ነው፤ ሽቦውም አንዳንድ ጊዜ ያቺኑ ነጥብ ፈልጎ እንደሚያገኝ ሁላችሁም አይታችኋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ግሮሜት የተሠራው ሽቦው አልፎ አልፎ ቢነካው እንዳይቈረጥ ነው እንጂ ሽቦው እንዲደገፍበት አይደለም። በግሮሜት ላይ የተደገፈ ሽቦ ጎማውን ቀስ በቀስ ይበላና በመጨረሻ ላሜራውን ያገኛል። ስለዚህ ግሮሜት ክላምፕን አይተካም። ክላምፑ ሽቦውን በቀዳዳው መሐል ያቆመዋል፤ ግሮሜቱ ክላምፑ የደከመ ዕለት ይጠብቀዋል።

አራተኛውና የመጨረሻው ስሊቭ ነው። በስፍራ ጥበት ምክንያት ርቀት ሊገኝ በማይችልበት ጊዜ ሽቦውን በቴፍሎን ወይም በሌላ በተፈቀደ ስሊቭ ማልበስ ተገቢ ነው። ነገር ግን ስሊቭ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ውኃና ዘይት በውስጡ ያቁራል። ሁለተኛ፣ ከሥሩ ያለውን ጉዳት ከዓይናችን ይሸሽጋል። እኔ በወጣትነቴ አራተኛውን አስቀድሜ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጭራሽ ረሳሁ። የጋሼ ጥያቄም ይህንኑ ቅደም ተከተል ነበር የጠየቀችኝ።

ስለ ናይለን ማሰሪያም አንድ ቃል ልጨምር። ከመጠን በላይ የተሳበ ማሰሪያ ሽቦውን ያንቃል። በፒንሳ በሰያፍ የተቈረጠ ጫፉ ደግሞ እንደ ምላጭ ነው፤ የባልደረባን እጅ ይቈርጣል፣ የጎረቤትን ሽቦም ይፍቃል። ራሳችን አዲስ ጠርዝ ፈጥረን እንዳንሄድ እንጠንቀቅ።

ስለ ትራፓኖና ስለ ፍተሻ

የሽቦ ጉዳት ከእርጅና ብቻ ይመጣል ብለን ካሰብን ራሳችንን ከተጠያቂነት እናወጣለን። ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከእኛው ነው። ወለል ለመጠገን የመጣ ባልደረባ የሽቦውን እስር እንደ ደረጃ ይረግጠዋል። የላሜራ ባለሙያው በትራፓኖ ቀዳዳ ሲከፍት የአልሙኒየም ፍቅፋቂው በሽቦዎቹ መካከል ይረግፋል፤ ንዝረቱም ፍቅፋቂውን እንደ መርፌ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ከመሰርሰር በፊት በአካባቢው ያለው ሽቦ ይሸፈን። ከተሰረሰረም በኋላ ፍቅፋቂው በመምጠጫ መሣሪያ ይወገድ እንጂ በታመቀ አየር አይነፋ። በአየር የተነፋ ፍቅፋቂ ከዓይን ጠፋ እንጂ ከአውሮፕላኑ አልወጣም፤ ወደ እስሩ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ።

ስንፈትሽም የምንፈልገውን እንወቅ። ብዙ ጊዜ ከሽቦው ይልቅ ላሜራው ቀድሞ ይናገራል። ቀለሙ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ጠርዝ አንድ ነገር ሲነካው እንደከረመ ይመሰክራል። በክላምፑ ሥር የተከማቸ ጥቁር ዱቄት ጎማው ወይም ልባሱ እየተበላ መሆኑን ይነግረናል። በመስታወትና በእጅ ባትሪ እንይ፤ ያረጀውን ሽቦ ግን በከንቱ አንጎትተው። ልባሱ የደረቀ ሽቦ ሲጎተት ይሰነጠቃል፤ ፈታሹ ራሱ የብልሽት ምክንያት ይሆናል።

የተጎዳ ሽቦ ስናገኝ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ሽቦው ምን ሆነ? ምን ነካው? የነካውስ ለምን ሊደርስበት ቻለ? የመጀመሪያውን ብቻ መልሶ የፈረመ ሰው ሽቦውን አለበሰው። ሦስቱንም የመለሰ ጠርዙን አራቀው። በመዝገባችንም ላይ «ሽቦው ተጠገነ» ብለን አናብቃ። «ክላምፑ ጎማው ስላለቀ ተለውጧል፤ ሽቦው ከጠርዙ ይህን ያህል ርቋል» ብለን እንጻፍ። እንዲህ የተጻፈ መዝገብ ለቀጣዩ ተረኛ ትምህርት ነው። በእኅት አውሮፕላኖች ላይ ያንኑ ቦታ እንዲያይም ይመራዋል።

ፊርማችን

ክቡራትና ክቡራን፣

የኛ ሙያ ከሌሎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አናጢ የሠራው ወንበር ቢሰበር በማግሥቱ ይመለስለታል። እኛ ግን ዛሬ የፈጸምነው ስንፍና ዋጋው የሚጠየቀው ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ አገር ሰማይ ላይ፣ ስማችንን ከማያውቅ ሰው ነው። የሚታይ ነገር በማይኖርበት ስፍራ፣ ምስክር በሌለበት ሌሊት፣ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ክላምፑን ለመለወጥ ሌላ ሦስት ክዳን መክፈት ሲኖርብን፣ ናስትሮ ጠቅልሎ መፈረም የሚያጓጓ መሆኑን አልክድም። እኔም ተሸንፌለታለሁ። ያ አውሮፕላን ሳይቃጠል ለፍተሻ የደረሰው በእኔ ሙያ ሳይሆን በዕድል ነው፤ በዕድል የቆመ ሥራ ደግሞ ከሥራ አይቆጠርም።

ስለሆነም በመካከላችን ላሉት ተቆጣጣሪዎችና የሥራ ኃላፊዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ «ክላምፑን ለመለወጥ ጊዜ ያስፈልገኛል» ሲላችሁ፣ ሰዓታችሁን ከማየታችሁ በፊት የእጅ ባትሪያችሁን ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱና ጠርዙን እዩት። ጋሼ ለእኔ ያደረጉት ከዚህ የበለጠ አልነበረም፤ እኔ ግን ከዚያ ዕለት ወዲህ አንድም ክዳን ጥያቄአቸውን ሳላስታውስ ዘግቼ አላውቅም።

ለወጣቶቹም የምለው አጭር ነው። ነገ ወደ ሥራ ቤት ስትመለሱ፣ መጀመሪያ በሚከፈትላችሁ ክዳን ውስጥ አንድ ቀዳዳ ምረጡ። ሽቦው ከጠርዙ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከቱ፤ በሁለቱ ክላምፖች መካከል በጣታችሁ ጫን አድርጉት። የሚደርስ ከሆነ ሥራ አግኝታችኋል።